ጠበል የገባ ሰው መድኃኒቱን መውሰዱ የእምነት ማነስ ነውን?

ጠያቂው፦ ታናሽ እህቴ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ባለፈው ዓመት ጠበል ልግባ ስትለኝ ደስ ብሎኝ ሸኘኋት። እዚያ ግን አንድ አጥማቂ «ጠበልም ክኒንም ይዘሽ አትድኚም፤ ልብሽ ሁለት ሆኗል» አላትና መድኃኒቱን አቆመች። ልጠይቃት ስሄድ ከትራሷ ሥር በወረቀት የተጠቀለለ እምነት (የተባረከ አመድ) እና ክዳኑ ያልተከፈተ የክኒን ብልቃጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አየሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። እኔ መድኃኒት መተው እምነት አይደለም እላለሁ። የማይስማማ ይከራከረኝ።

ጠበል ቦታ የሚኖሩት እናት፦ ልጄ፣ እኔ ጠበል ቦታ ዘጠኝ ዓመት ኖሬአለሁ፤ በቃሬዛ መጥቶ በእግሩ የሄደ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ንጉሡ አሳ እግሩን በታመመ ጊዜ ባለ መድኃኒቶችን እንጂ እግዚአብሔርን አልፈለገም ተብሎ ተጽፎበታል። ንዕማንም ዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ሲጠመቅ በሌላ እጁ ቅባት አልያዘም። ተስፋውን ለሁለት የከፈለ ሰው በየትኛው ያርፋል?

ዲያቆኑ፦ እማማ፣ አሳ የተወቀሰው እግዚአብሔርን ባለመፈለጉ ነው። ሕዝቅያስን ደግሞ ይመልከቱ። ዐሥራ አምስት ዓመት እንደተጨመረለት ከነቢዩ አፍ ሰምቷል። ከዚህ የሚበልጥ ተስፋ የት ይገኛል? ያም ሆኖ ያው ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጡና እባጩ ላይ አድርጉ ብሎ አዘዘ። ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ባለ መድኃኒትን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር ነው ይለናል። በእኛው ዘመን፣ በ1999 ዓ.ም.፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለሆኑ አይጣሉም ብለው በይፋ ተናግረዋል። መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ከጀመረ ገና ሁለት ዓመት ገደማ ነበርና ብዙ ሰው ያን ቃል ሲጠብቅ ኖሯል።

የፍልስፍና ተማሪው፦ ጥቅስ በጥቅስ ስትመልሱ ዋናው ጥያቄ አመለጣችሁ። ዕብራውያን 11 እምነትን «የማናየውንም ነገር የሚያስረዳ» ይለዋል። እምነት ያላወቁትን መቀበል ከሆነ፣ አጥማቂውን ተሳሳትህ የምትሉት በምን ሚዛን ነው? እርሱም የማይታይ ነገር ተቀበሉ ነው ያለው። እንዲያውም ከእናንተ ይልቅ እርሱ በአቋሙ የጸና ይመስለኛል።

ጠያቂው፦ ይህን ጥያቄ ስፈራው ነበር፤ መመለስ ግን አለብኝ። ቋንቋችን ራሱ ይረዳናል። «እግዚአብሔር እንዳለ አምናለሁ» ማለትና «በእግዚአብሔር እታመናለሁ» ማለት ከአንድ ሥር የወጡ ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያውን አጋንንትም አላቸው፤ ያዕቆብ «አጋንንት ደግሞ ያምናሉ ይንቀጠቀጡማል» ብሏል። ጳውሎስ ግን ታስሮ ሳለ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ «ያመንሁትን አውቃለሁና» አለ፤ ቀጥሎም ስለ ሰጠው አደራ ይናገራል። እስቲ አደራ የሚለውን ቃል አስቡት። እናቴ ወርቋን አደራ የሰጠችው ለሠላሳ ዓመት ጎረቤቷ ነበር፤ መንገድ ላይ ላገኘችው ሰው አልሰጠችም። አደራ የምንሰጠው ለምናውቀው ነው። ነገ የሚያደርገውን ባናይም ማንነቱን እናውቃለን። እምነት ከዕውቀት ባዶ ነው የሚለውን አልቀበልም የምለው ለዚህ ነው።

ወደ አጥማቂው ልመለስ። እህቴ ያለ መድኃኒት እንደምትድን እግዚአብሔር መቼ ቃል ገባላት? ቃሉን የገባው ሰውየው ነው። እርሷ በእግዚአብሔር የታመነች መስሏት በአንድ ሰው ትንበያ ላይ ሕይወቷን አስይዛለች። ሰይጣንም ጌታን መቅደስ ጫፍ ላይ አቁሞ የጠቀሰለት ከመዝሙር ነው፤ መላእክት ያነሡሃል የሚለው ተስፋ እውነት ነበር። ዝለል ያለው ግን አባቱ አልነበረም። መልሱንም ሁላችን እናውቀዋለን፦ «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው»።

የወንጌል አማኙ፦ ነገሩ የጠበል ቦታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በእኛም መድረክ «ድነሃል፣ ክኒኑን ጣለው» ሲባል ሰምቼ አንገቴን ደፍቻለሁ። በ1563 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈው የሃይደልበርግ ትምህርተ ሃይማኖት እውነተኛ እምነትን ሲፈታ እርግጠኛ ዕውቀትንም ከልብ መታመንንም አንድ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ዕውቀቱን አውጥታችሁ ጣሉት ያለን ማን እንደሆነ አላውቅም።

ነርሷ፦ እኔ የምሠራው መድኃኒቱ በሚሰጥበት ክፍል ነው። አንድ ስህተት ደጋግሜ ስለማይ ልናገር። መድኃኒቷን በሥርዓት የምትወስድ ሴት የቫይረስ መጠን ምርመራ ታደርጋለች፤ ውጤቱ «አልታየም» ይላል። ወረቀቱን ይዛ «ድኛለሁ» እያለች ታለቅሳለች፣ ከዚያም መድኃኒቱን ታቆማለች። አልታየም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። መድኃኒቱ ቫይረሱ እንዳይራባ ያግደዋል እንጂ በሴሎች ውስጥ የተደበቀውን ጠርጎ አያወጣም። ሲቋረጥ አብዛኛው ሰው ላይ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል፤ እየወሰዱ እየተዉ ከሆነም መድኃኒቱን ሊለምድ ይችላል። እማማ፣ ጠበል በባዶ ሆድ ስለሚጠጣ መድኃኒቱ ጾም ያስፈታል የሚሉኝ አሉ። አሁን በብዛት የሚሰጠው በቀን አንድ ክኒን ነው፤ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል። ማታ ውጣ ማለዳ ጠበሏን ትጠጣ፤ ማን ይከለክላታል?

የፍልስፍና ተማሪው፦ በእውነት የዳነ ሰው ካለስ? ዕድሜ ልኩን ይዋጥ?

ዲያቆኑ፦ ካለማ ይመርመር! ዐሥሩን ለምጻሞች ጌታ ምን አላቸው? «ሂዱ፥ ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ።» በሕጉ ለምጽ መንጻቱን መርምሮ የሚያረጋግጠው ካህኑ ነበር። የፈወሰው ጌታ ራሱ የዳኑትን ወደ መርማሪ ላከ። ፈውስ ምርመራን አይፈራም። መርማሪ የሚሸሽ «ፈውስ» ካለ እኔ ያስፈራኛል፤ ይህን የምለው ጠበልን የሚያቃልል ሰው ሆኜ አይደለም፤ በጠበል ያደግሁ ነኝ።

ጠበል ቦታ የሚኖሩት እናት፦ የለምጻሞቹን ነገር እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር፤ ልቀበልህ ልጄ። ስለ መድኃኒቱ ግን ልቤ ገና አላረፈም፣ አልዋሽም። አንተን ጠያቂውን አንድ ነገር ልጠይቅህ። እህትህ ጠበል ከገባች ስንት ቀን አብረሃት ተጠመቅህ?

ጠያቂው፦ አንድም ቀን፣ እማማ። ሁለት ጊዜ ሄድሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ክኒኑ ተጨቃጭቀን ተመለስሁ።

ጠበል ቦታ የሚኖሩት እናት፦ እንግዲህ ያ ሰው በየማለዳው ከአጠገቧ ነው። ስትንቀጠቀጥ ጋቢ የሚያለብሳት፣ ስትወድቅ የሚያነሣት እርሱ ነው። አንተ በዓመት ሁለቴ መጥተህ ትቆጣታለህ። አደራ ለሚያውቁት ነው የሚሰጠው ያልኸው አንተ አይደለህምን?

ነርሷ፦ ቀን እንዳይራዘም ብቻ። ወደ ክትትሏ ብትመለስ አቋረጥሽ ብሎ የሚቆጣት አይኖርም፤ መርምረን እንደገና እናስጀምራታለን።

ጠያቂው፦ እማማ፣ ልክ ነዎት። ነገ ሌሊት እነሣለሁ። አብሬያት እጠመቃለሁ፤ ከጠበሉ መልስ ወደ ክሊኒኩ አብረን እንድንሄድ እለምናታለሁ። ጥምቀቱ ስንት ሰዓት ይጀመራል?

ጠበል ቦታ የሚኖሩት እናት፦ ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት። ቅያሪ ልብስና ነጠላ ያዝ፤ ለእርሷም ወፍራም ጋቢ አምጣላት፣ ብርዱ ከባድ ነው።