የቤታችን ካሴትና ኢሙሌተሩ ማሪዮን እኩል አያስሮጡትም፤ የቱን ልመን?

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ሳቢያን ነው ያለሁት። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣውን ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ የሚባለውን ጌም በስፒድራን (ጌሙን በተቻለ ፍጥነት ጨርሶ ሰዓት ማስመዝገብ) መሮጥ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ።

ማሪዮን የተማርኩት ታላቅ ወንድሜ እዚሁ ድሬ ካለው ታይዋን ገበያ በገዛልን ቲቪ ላይ የሚሰካ ጌም ነው። ማሪዮን የሠራው የኒንቴንዶ አይደለም፤ ኮፒው ነው። ካሴቱ እምቢ ሲል አውጥተን እፍ እንልበትና እንመልሰዋለን። የጆይስቲኩ የቀኝ ቀስት አልጫን ሲለኝ ወንድሜ ከሌላ ጆይስቲክ ውስጥ ላስቲኳን አውጥቶ ቀየረልኝ። ያቺ ላስቲክ ዛሬም ትሠራለች። ቀን በዚህ ሙቀት አዳፕተሩ ስለሚግል ማታ ማታ ነው የምከፍተው።

እዚያ ላይ ምርጡ ሰዓቴ 6 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ነው። ባለፈው ሳምንት ላፕቶፔ ላይ ኢሙሌተር (የድሮ ጌም ኮምፒውተር ላይ የሚያጫውት ፕሮግራም) ጫንኩ። አቦ፣ ማሪዮ በረረ! 1-1 (ዓለም 1፣ ደረጃ 1) ላይ ያለችው የመጀመሪያዋ ጠላት ሳልዘል ደረሰችብኝ። ሙዚቃው ሳይቀር ይጣደፋል።

ኢሙሌተሩ ነው የተበላሸው ወይስ የቤታችን ጌም? ደግሞስ በኢሙሌተር የሠራሁት ሰዓት ለስፒድራን ውድድር ይቆጠርልኛል? ሦስት ወር ሙሉ የደከምኩበት ነገር ስለሆነ በደንብ አስረዱኝ።

ጀጎል፦
ወንድሜ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው። ወደኛ የመጡት ኮፒዎች አብዛኞቹ ፓል ለሚባለው የቲቪ ዓይነት የተሠሩ ናቸው፤ በሰከንድ 50 ፍሬም (ምስል) ነው የሚያወጡት። ካሴቱ ላይ ያለው ጌም ግን ለጃፓንና ለአሜሪካ ቲቪ (ኤንቲኤስሲ ለሚሉት) የተጻፈው ነው። እዚያ በሰከንድ 60 ነው። ማሪዮ በአንድ ፍሬም የሚሄደው ርቀት ያው ነው። ፍሬሙ ሲቀንስ እሱም ይንቀራፈፋል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። 6፡48 ማለት 408 ሰከንድ ነው። ለ1.2 (60 ለ50 ሲካፈል) ስታካፍለው 340 ይመጣል። 5 ደቂቃ ከ40! ያንተ ሩጫ ይሄ ነው። ሦስት ወርህ የትም አልሄደም።

ሜሰን የሚባለውን ኢሙሌተር ካወረድክ ሪጅን የሚል ቦታ አለው። ዴንዲ (እንዳንተ ያለ የ50 ፍሬም ኮፒ) የሚለውን ስትመርጥ የቤትህን ጌም ፍጥነት ታገኛለህ። ለውድድር ግን ኤንቲኤስሲ ላይ አድርገህ ጣትህን እንደገና አስለምድ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ማሪዮ ውስጥ ደረጃ ስትጨርስ ጌሙ ወዲያው አያሳልፍህም፤ በየ21 ፍሬሙ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። በ60ው ይህ 0.35 ሰከንድ ነው፣ አንተ ቤት 0.42። ስለዚህ 1-1ን በሁለት ሦስት ፍሬም ብታሻሽል ሰዓትህ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። እኔ ይህን ሳላውቅ ብዙ ማታ ተበሳጭቻለሁ።

ለገሃር፦
ስለ መቆጠሩ እኔ ልመልስ። ማሪዮ ላይ ኢሙሌተር ይፈቀዳል። ሌሎች ጌሞች ላይ ለብቻ ተለይቶ የሚመዘገብበት ስላለ ሕጉን አስቀድመህ አንብብ። ሴቭ ስቴት (ጌሙን መሃል ላይ አስቀምጦ ከዚያው መቀጠል) ለልምምድ ጥሩ ነው። 4-2 ላይ ወደ 8 የሚያሻግረውን መንገድ እሱን እየመለስኩ ነው የተማርኩት። ሩጫው ላይ ግን ሴቭ ስቴትም፣ ማዘግየትም፣ ወደ ኋላ መመለስም ክልክል ነው።

ኪቦርድ የምትጠቀም ከሆነ ተጠንቀቅ። የጆይስቲክ ቀስት አንድ ቁራጭ ፕላስቲክ ነው፤ ግራና ቀኝን አብረህ መጫን አትችልም። ኪቦርድ ላይ ግን ይቻላል፣ ማሪዮም ያልተገባ ፍጥነት ያገኛል። ሴቲንጉ ውስጥ ገብተህ ዝጋው። ሳታውቀው ጣትህ ቢያርፍበት ሩጫህ ይሰረዛል።

ከዚራ፦
እኔ ኢሙሌተር ብቻ በሚለው አልስማማም። የድሮው ጌም በድሮው ቲቪ ሲሆን ጣትህና ማሪዮ አንድ ናቸው። ላፕቶፕን ከፍላት ቲቪ ጋር ስታገናኘው የጫንከው ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ሰዓቱን በኢሙሌተር አስመዝግብ፤ ያንን ጌም ግን አደራ እንዳትሸጠው።

የሳቢያን ልጅ፦
አልሸጠውም አቦ! የወንድሜ ነው። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

እንዳላችሁት ኤንቲኤስሲ አድርጌ ግራና ቀኙን ዘጋሁ። ፍላት ቲቪውንም ትቼ ላፕቶፑ ላይ ብቻ ሞከርኩ። አራት ማታ 1-1ን ብቻ ደጋገምኩ፤ ትናንት ሙሉውን ሮጥኩ። 8-2 ላይ መብራት ጠፋ። ቤቱ ጨለመ፣ ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ። በካሴቱ ቢሆን እዚያው ያልቅ ነበር። እናቴ ሻማ ይዛ መጥታ አጠገቤ ቆመች፣ ጌሙ የሚያልቅበትን መጥረቢያ እስክነካ አልተናገረችም። 5 ደቂቃ ከ52።