የዲስኩ 10 ሜጋ፣ የመስመሩ 2 ሜጋ፦ አምስት ሰዓት ለምን አልበቃም?

የመዝገብ ቤቷ (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። እያንዳንዳቸው 9 ጊጋባይት የሚይዙ አራት የስካዚ (የድሮ የዲስክ ማገናኛ ዓይነት) ዲስኮች ያሉበት አሮጌ ሰርቨር አለን፤ አራቱም ሞልተዋል። 36 ጊጋባይቱን በሙሉ አዲስ አበባ ወደሚገኘው ዋና መሥሪያ ቤት በኪራይ መስመራችን እንድንልክ ታዘዝን። መስመሩ ኢ-1 የሚሉት፣ ባለ 2 ሜጋ ነው። የዲስኮቹ ካርድ ላይ ደግሞ 10 ሜጋ ተጽፏል። አለቃዬ ወረቀት ላይ አስልተው፣ «ዲስኩ በ10 ሜጋ አንድ ሰዓት ከፈጀበት መስመሩ በ2 ሜጋ አምስት ሰዓት ይፈጅበታል፤ ማታ አስጀምረሽው ሂጂ» አሉኝ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አስጀመርኩት። ጠዋት 2 ሰዓት ስገባ የተላለፈው 10 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ስክሪኑም «በሰከንድ 231 ኪሎባይት» ይላል። ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ነው የጠየቁኝ። የምንከፍለው ለ2 ሜጋ ከሆነ የቀረው የት ገባ? ተጭበርብረን ይሆን?

የፖሊ ልጅ፦
አልተጭበረበራችሁም። የመስመሩ ሜጋ ሜጋቢት ነው፣ የዲስኩ ሜጋ ሜጋባይት። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 2.048 ሜጋቢት ለ8 ሲካፈል በሰከንድ 256 ኪሎባይት ይሆናል። ያየሽው 231 ከዚያ ብዙም አይርቅም።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ ዕድሜዬን በስልክ መስመር ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝና ከ256 ወደ 231 እንዴት እንደ ወረደ ላስረዳሽ። ኢ-1 የተሠራው ለፋይል ሳይሆን ለሰው ድምፅ ነው። ድምፅ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት በ8 ቢት ይጻፋል፤ ሲባዛ 64,000 ቢት። አንድ የስልክ ንግግር ይህን ያህል ነው። ኢ-1 እንዲህ ያሉ 32 ቻናሎችን ተራ በተራ ያሳልፋል፤ 32 በ64 ሲባዛ ያው 2,048 ኪሎቢት።

ግን ሁሉም ለእናንተ አይደለም። ከ0 ጀምረን ስንቆጥር 0ኛው ቻናል ላኪውና ተቀባዩ እንዳይዛነፉ ምልክት የሚላክበት ነው፤ ለሌላ ሥራ አይሰጥም። 16ኛው በስልክ አገልግሎት የጥሪ ምልክት ይሸከማል፤ መስመሩ ለዳታ ብቻ ሲሆን ግን ይለቀቃል። የቀረው 31 ቻናል፣ 1,984 ኪሎቢት፣ በባይት 248 ኪሎባይት ነው። መረጃው እየተቆራረጠ በጥቅል በጥቅል ሲሄድ እያንዳንዱ ጥቅል አድራሻውን ተሸክሞ ነው የሚጓዘው፤ ይህ ሲቀነስ 231 መድረሱ የጤናማ መስመር ምልክት ነው።

አለቃሽ ማካፈሉን አልተሳሳቱም፤ ያካፈሉት ግን ኪሎን ለኩንታል ነው። 10 ሜጋባይት ማለት 80 ሜጋቢት ነው። 80 ለ2.048 ሲካፈል 39 ይመጣል፤ ያንን አሮጌ ካርድ በፍጥነት ለመተካከል 39 የኢ-1 መስመር ያስፈልጋል ማለት ነው። አንቺ ባየሽው ፍጥነት 36 ጊጋባይቱ 43 ሰዓት ይፈጃል። ጣና ሞልቶ ካልፈሰሰ በቀር ወደ ዓባይ የሚወርደው የጨራ ጨራ ግድብ በሮች የፈቀዱለት ያህል ነው፤ መስመርም እንዲሁ።

ሽምብጥ ሰፈር፦
እግረ መንገዴን ልጠይቅ። የሳታ (ከስካዚ በኋላ የመጣ የዲስክ ማገናኛ) ዲስክ 1.5 ጊጋቢት ይላል። ለ8 ሳካፍለው 187.5 ሜጋባይት ይመጣል፤ ወረቀቱ ላይ ግን 150 ነው የተጻፈው። እዚህም ቻናል ተቀንሶ ነው?

የፖሊ ልጅ፦
አይደለም። ሳታ እያንዳንዱን 8 ቢት በ10 ቢት ጽፎ ነው በገመዱ የሚልከው። ስለዚህ የምታካፍለው ለ10 ነው፤ 150 ትክክል ነው። ለ8 ማካፈል ሁልጊዜ አይሠራም። የድሮዎቹ የዲስክ ማገናኛዎች፣ ስካዚና አይዲኢ፣ ፍጥነታቸው ከመነሻው በባይት ስለሚነገር ማካፈል አያስፈልጋቸውም። ዩኤስቢ በቢት ነው የሚነገረው። የስልክ መስመር ሁልጊዜ በቢት ነው፣ ኪሎውም 1,000 እንጂ 1,024 አይደለም።

ወደ እህታችን ጉዳይ ስመለስ፣ እኔ ብሆን በመስመሩ አልልክም። ግን በሰርቨሩ ዩኤስቢ ልገልብጥ እንዳትዪ። የዚያ ዘመን ዩኤስቢ 12 ሜጋቢት ነው፤ ጣሪያው 1.5 ሜጋባይት፣ በተግባር 1 ገደማ፤ አሥር ሰዓት ያስቀምጥሻል። የኔትወርክ ካርዱን እዪው። 100 ሜጋቢት ከሆነ በባይት 12.5 ነው፤ ከስካዚው ይበልጣል። ላፕቶፕሽን በኔትወርክ ገመድ በቀጥታ አገናኚና ገልብጪ። ከዚያ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የሚሄድ ባልደረባ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ዲስክ ይዞ አውሮፕላን ቢሳፈር በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

ሽምብጥ ሰፈር፦
ስትገለብጪ መብራት ሊጠፋ ይችላልና ካቆመበት የሚቀጥል ፕሮግራም ተጠቀሚ። ኮምፒውተሩ 36ቱን 33.5 ብሎ ቢያሳይሽም አትደንግጪ፤ ዲስክ ሠሪው ጊጋውን በ1,000 እያባዛ ሲቆጥር ኮምፒውተሩ በ1,024 ስለሚቆጥር ነው። ይልቅ የፋይሎቹን ብዛት አመሳክሪ። አዲስ አበባ ተከፍቶ እስኪታይ ድረስም ከአሮጌው ሰርቨር ላይ አንድ ፋይል እንዳታጠፊ።

የመዝገብ ቤቷ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኔትወርክ ካርዱ እንዳላችሁት ባለ 100 ነው። አራቱም ዲስኮች በ1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ተገለበጡ፤ የፋይሎቹም ቁጥር ገጠመ። አለቃዬ ደስ ብሏቸው ወረቀታቸውን አወጡና 36,000 ሜጋባይትን ለ4,800 ሰከንድ አካፍለው 7.5 አገኙ። እሱን ደግሞ በ8 አባዝተው 60 ሜጋቢት ሲያገኙ ቀና ብለው አዩኝ። «ካርዱ 100 ከሆነ የቀረው 40 የት ገባ?» አሉኝ።

ጡረተኛው፦
ቢት ከባይት መለየት ጀምረዋል ማለት ነው! ስካዚው ራሱ ከ80 እንደማያልፍ ንገሪያቸው። የቀረውን 20 የወሰደው የመዝገብ ቤት ፋይል ነው፤ ትንንሽና ብዙ ስለሆነ የዲስኩ ማንበቢያ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል ጊዜው እዚያ ያልቃል።