እኅቴ ነገ ማታ ትሄዳለች፤ በጉዲፈቻ ሰነዷ ላይ እናታችን «ሞታለች» ተብሎ ተጽፏል፤ ወዴት ልሂድ?

ታላቅ ወንድም (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ጉዳዩ አስቸኳይ ስለሆነ በአጭሩ እጽፋለሁ። እኅቴ በ2001 ዓ.ም. በ10 ዓመቷ በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ሄደች። ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ተመልሳ መጣች። ትናንት አራት ኪሎ በአክስታችን ቤት ቡና ተፈልቶ ሳለ የፍርድ ቤቱን ውሳኔና የልደት ወረቀቷን ከቦርሳዋ አውጥታ በእናታችን ፊት ዘረጋች። ወረቀቱ እናቷ ሞታለች ይላል፤ የተወለደችበትም ዘመን በ1991 ፈንታ 1994 ተብሏል። የአጎታችን ልጅ ሲያስተረጉም ነገሩን ለማለዘብ ሞከረ። እርሷም የተነገረው ሁሉ እንዳልተተረጎመላት ስለገባት ብድግ ብላ ከቸርችል ጎዳና ወረድ ብሎ ወዳለው ማረፊያዋ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ ስልክ አታነሣም። ዛሬ ረቡዕ ነው፣ በረራዋ ነገ ማታ ነው። ወረቀቱን እስከ ነገ ከሰዓት በኋላ ለማስተካከል ወደ የትኛው ቢሮ ልሂድ? እናቴ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።

የአራዳ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል ወረዳ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ተገኝ። እናትህን ከነመታወቂያዋ፣ ሁለት ምስክሮችንም ይዘህ ሂድ። አዲስ የልደት ወረቀት ይሰጧችኋል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል።

የልደታው ጠበቃ፦
በዚያው አያልቅም። እኅትዎ የሄደችው በፍርድ ቤት በጸደቀ የጉዲፈቻ ውል ስለሆነ፣ ወረዳው አዲስ ወረቀት ቢሰጥ እንኳ እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ሁለት ሰነዶች ይኖራሉ እንጂ የቀድሞው አይሰረዝም። ደግሞም የአሜሪካ ቪዛዋና ዜግነቷ የተመሠረቱት በዚያ መዝገብ ላይ ስለሆነ፣ እዚያ ያለ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳታማክር ማንኛውንም የማረሚያ አቤቱታ እንዳታስገቡ አጥብቄ እመክራለሁ። የመዝገቡን ግልባጭ መጠየቅ ግን ምንም ጉዳት የለውም። በሰነዷ ላይ የመዝገብ ቁጥር አለ? የፈቃድ ቃሉንስ የፈረመው ማን ነው?

ጡረተኛው መምህር፦
እስቲ ሁላችንም ረጋ ብለን እናስብ። ይህች አገር ከ15 ሺህ በላይ ልጆቿን ወደ አሜሪካ ብቻ ከላከች በኋላ ነው ምክር ቤቱ በጥር 2010 ለውጭ ዜጎች የሚደረገውን ጉዲፈቻ የዘጋው። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮሞ ባህል የመጣ ነው። በዚያ ባህል የተሰጠ ልጅ የሁለት ቤት ልጅ ነው፤ ወላጆቹን ያውቃል፣ ለሰርግና ለልቅሶም ይመጣል። አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ማለትም የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአንቀጽ 183 የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለውን ግንኙነት እንደያዘ ይቀጥላል ይላል። እናት ይህን ግንዛቤ ይዛ ትፈርማለች፤ ተቀባዩ አገር ግን የቀድሞውን ዝምድና በሕግ ይቆርጠዋል። ስሕተቱ የተጀመረው ከዚህ ላይ ነውና ወላጆች ሊማሩበት ይገባል።

የአራዳ ልጅ፦
መምህር፣ ወላጆች የሚማሩበት ሌላ ቀን ይኑር፤ ልጅቷ ነገ ትሄዳለች። ወንድሜ፣ ወረዳው አላልኩህም? ምናልባት የዘመኑ ልዩነት የአቆጣጠር ስሕተት ብቻ ይሆናል።

የልደታው ጠበቃ፦
የአቆጣጠር ስሕተት ቢሆን ልዩነቱ 7 ወይም 8 ዓመት ይሆን ነበር። እዚህ ያለው 3 ዓመት ነው። ተቀባይ ቤተሰቦች አብዛኛውን ጊዜ ትንንሽ ልጆችን ይፈልጉ ስለነበር የትልልቆቹን ዕድሜ መቀነስ የተለመደ ነበር።

ከሚኒሶታ የተመለሰች፦
እኔም በ9 ዓመቴ በጉዲፈቻ ሄጄ ያደግሁ ነኝ፤ አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ይቅርታ ይደረግልኝና ጥያቄዎን አልቀበለውም። እኅትዎ ወረቀቱን ያወጣችው እንዲታረምላት አይደለም። ጨቅላ ሆኖ የሄደ ልጅ የሚያውቀው የተነገረውን ነው፤ በ10 ዓመቱ የሄደ ልጅ ግን በራሱ ጉዲፈቻ ላይ የዓይን ምስክር ነው። አማርኛው በጥቂት ወራት ከአፉ ይጠፋል፤ ያየው ግን አይጠፋም። ትናንት ከመነሣቷ በፊት መጨረሻ የተናገረችው ምን ነበር? ሳያለዝቡ ይንገሩን።

ታላቅ ወንድም፦
ይህን መጀመሪያ ላይ ሳልጽፈው ቀረሁ፤ ከወረቀቱ ጋር የሚያያዝ መስሎ አልታየኝም ነበር። መጨረሻ የተናገረችው «እናትሽ ሞታለች በይ ብላችሁኛልና አልሁ» የሚል ነው። አባታችን በ1999 ዓ.ም. አርፏል። ከድርጅቱ ጋር ያገናኘን ደላላ፣ እናት በሕይወት ካለች ልጅቷን አይቀበሏትም ስላለ እናታችን አክስት ነኝ ብላ አሻራዋን አኖረች። እኅቴም ፈረንጆቹ ሲጠይቋት እናቷ እንደሞተች እንድትናገር ተነገራት። ተምራ 18 ዓመት ሲሞላት ትመለሳለች ተብለን ነበር። እኔ ያኔ 14 ዓመቴ ነበር፤ ሁሉንም እሰማ ነበር፣ አልተናገርኩም። መዝገብ ቁጥሩ አለ፤ ዶሮ ማነቂያ የነበረው ቤታችን ሲፈርስ ካወጣናቸው ወረቀቶች መካከል ግልባጭ አግኝቻለሁ።

የልደታው ጠበቃ፦
ይህን ስሰማ አዘንኩ፤ ምክንያቱም ውሸቱ አስፈላጊ እንኳ አልነበረም። የአሜሪካ ሕግ አንድ ወላጅ ብቻ በሕይወት ኖሮ ልጁን ለማሳደግ አቅም ሲያጣና በጽሑፍ ሲለቅ ልጁን በወላጅ አልባነት ይቀበል ነበር፤ የእኛም ሕግ በሕይወት ያለው ወላጅ ፈቃዱን እንዲሰጥ ነው የሚጠይቀው። እናታችሁ በእናትነቷ መፈረም ትችል ነበር። ፍርድ ቤቱም ውሉን ከማጽደቁ በፊት የልጁን አስተያየት እንዲያገናዝብ ሕጉ ያዝዛል፤ ስለዚህ እኅትዎ ያኔ ተጠይቃ ከሆነ ቃሏ በመዝገቡ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

የሰባት ልጆች እናት፦
ልጄ፣ ለእናትህ አንድ ነገር ንገርልኝ። ዶሮ ወጥ ሠርታ ትጠብቃት፤ ጉርሻ አስተርጓሚ አይፈልግም፤ እስከ ዛሬ ጉርሻዬን እምቢ ብሎ የሄደ ልጅ አላየሁም።

ከሚኒሶታ የተመለሰች፦
እማማ፣ ጉርሻው ይድረስ፣ ነገር ግን ከእውነቱ በኋላ። ይህች ሴት እናቷን በአፏ እንደገደለች እያሰበች 17 ዓመት ኖራለች። ልቧን የሚያሳርፈው እናቷ ራሷ «እንዲህ በይ ያልንሽ እኛ ነን፣ አንቺ ልጅ ነበርሽ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ስትላት ብቻ ይመስለኛል። «ለአንቺ ብለን ነው» በሚለው አትጀምሩ፤ እውነት ቢሆንም እንኳ መጀመሪያ ሲመጣ ክርክር ይሆናል። ዘመድ አያስተርጉም። የሚናገረውን ቃል በቃል የሚያደርስ፣ ቤተሰቡን የማያውቅ አስተርጓሚ ይቀጠር። ደግሞም በቤት ውስጥ በአሥር ሰው መካከል አይሁን። ልጅ ሳለች የምታውቀው፣ እስከ ዛሬ ያልፈረሰ ቦታ አለ?

ታላቅ ወንድም፦
የአራዳው ጊዮርጊስ አለ። እሑድ እሑድ እናታችን ይዛን የምትሄደው እዚያ ነበር። በመጣች ማግስት በታክሲ ስናልፍ ቤታችን የነበረበትን ሠፈር ልታውቀው አልቻለችም፤ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ግን ራሷ ናት ያሳየችኝ።

የአራዳ ልጅ፦
እንግዲያው ወረዳውን ትቼዋለሁ። ቢጫ ካርድስ? አሁኑኑ ብታመለክት ያለ ቪዛ ትመላለሳለች።

የልደታው ጠበቃ፦
የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ መልካም ነው፤ ሆኖም ዝምድናውን በማስረጃ ማሳየት ስለሚጠይቅ ይኸው ወረቀት መልሶ ያግዳታል። ነገ ሊሠራ የሚችለው ውክልና ነው። ፈቃደኛ ከሆነች፣ ፓስፖርቷን ይዛ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ዘንድ ቀርባ የመዝገቡን ሙሉ ግልባጭ የመጠየቅና የመቀበል ሥልጣን ለእርስዎ ትስጥ። አማርኛ ስለማትችል አስተርጓሚው እዚያም ያስፈልጋታል። ሳትሰጥ ከሄደች በዋሽንግተኑ ኤምባሲያችን በኩል መላክ ትችላለች፤ ግን በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ማረጋገጥ ስለሚኖርበት ብዙ ይጓተታል። እንዲሁም ልጆቹ 18 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ስለ ኑሯቸው ሪፖርት ከነፎቶግራፍ ወደ አገር ቤት መላክ ነበረበት፤ የእርሷን በወቅቱ ጉዳዩን ይከታተል የነበረውን ሚኒስቴር ሥራ የተረከበውን የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ጠይቁ። እናታችሁ ያላየቻቸው የልጅነት ፎቶግራፎች እዚያ ሊገኙ ይችላሉ።

ታላቅ ወንድም፦
ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ከላይ የተጻፈውን ለእናቴ አነበብኩላት፤ ብዙ ዝም ካለች በኋላ ነጠላዋ ታጥቦ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለእኅቴም በእንግሊዝኛ አስጽፌ፣ ጥፋቱ የእኛ መሆኑን፣ ያኔ እኔም መስማቴንና ዝም ማለቴን ገልጬ መልእክት ላክሁላት። አንብባዋለች፤ አልመለሰችም። በሦስት ሰዓት ጊዮርጊስ በር ላይ ከአስተርጓሚው ጋር እንጠብቃታለን።

የልደታው ጠበቃ፦
ከመጣች ስለ ውክልናው እርሷ እስክትጠይቅ ድረስ አታንሡባት። ሰባት ሰዓት ላይ ቢጀመር እንኳ በዕለቱ ሊያልቅ ይችላል። የመዝገብ ቁጥሩን ግን አሁኑኑ በሁለት ወረቀት ገልብጠው አንዱን ለእርሷ ያዘጋጁ፤ ካልመጣችም ማረፊያዋ እንግዳ መቀበያ ላይ ይተዉላት።