የውሃ መዶሻዬ ዘንግ ቀለበት አልይዝ አለኝ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች፣ ጂማ ነኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን የአያቴን የውሃ ወፍጮ ወደ ብረት መቀጥቀጫ እየቀየርኩ ነው። ሐሳቡ የመጣልኝ እንግሊዝ አገር ዴቨን ውስጥ ስላለው ፊንች ፋውንድሪ ሳነብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1814 እስከ 1960 በውሃ ጉልበት ማጭድና አካፋ ሲቀጠቀጥበት የኖረ ቤት ነው። ውሃው መንኮራኩሩን ያዞራል፣ ዘንጉ ላይ ያሉት ጥርሶች የመዶሻውን ጭራ ሲጫኑት ጭንቅላቱ ይነሳል፣ ሲለቁት ዱብ!

ችግሬ ዘንጉ ላይ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ዋንዛ ነው፣ ጫፉ ላይ የተሰካውን ብረት ጠፍሮ የሚይዝ ቀለበት አለው። ቀለበቱን የሰፈራችን ቀጥቃጭ፣ ጋሼ፣ በከሰልና በወናፍ አግለው አስገቡት፣ ውሃ ስንደፋበት ጭስ በጭስ ሆንን፣ ጥርቅም አድርጎ ያዘ። ደስታችን ግን ብዙ አልቆየም። በጋው ሲገባ ቀለበቱ በእጅ የሚዞር ሆነ። ሳሰላው ብረቱ በ400 ዲግሪ ቢግል ስፋቱ የሚጨምረው 1.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ እንጨቱ ሲደርቅ ግን ከዚያ በላይ ይሸሻል። ለካ እርጥብ ግንድ ነው የሸጡልኝ!

ጋሼ የወይራ ሽብልቅ እንምታበት ይላሉ። እኔ ደግሞ ዋንዛው እንዳይሰነጠቅ ፈራሁ። (በይደው እንዳትሉኝ፣ እንጨት ላይ ምን ይበየዳል?) ግንዱን አውጥቼ ጥላ ስር ላድርቀው? ከሆነስ ለስንት ጊዜ? ወይስ ዓመቱን ሙሉ ውሃ እያንጠባጠብኩበት እንዳይደርቅ ልጠብቀው? በእጁ የሞከረ ካለ ክረምቱ ሳይገባ ይንገረኝ፣ ከዚያ በኋላ ወንዙ አያስጠጋንም።