ለዘፈን ለብቻው ኤምፒስሪ መግዛት ወይስ ስልክ ይበቃል? እንከራከር

የሆጤ ልጅ፦ ሰላም ጎበዝ። ትናንት አንዱ ወንድማችን ስልክ እያለ ኤምፒስሪ መግዛት ብር መጣል ነው ብሎ ነበር፣ እኔ በጭራሽ አልስማማም። በየቀኑ ከደሴ ኮምቦልቻ እመላለሳለሁ፣ ጠዋት ሐረጎን እየወረድን በስልኬ ዘፈን ስሰማ ከዋልኩ ማታ ባትሪው ሙት ነው፣ እቤት ደውዬ እየመጣሁ ነው ማለት እንኳ አልችልም። መብራቱንም ታውቁታላችሁ። ቁልፍ ያለው ትንሽዬ ማጫወቻ ብይዝ ከኪሴ ሳላወጣ እቀይራለሁ።

ቦርከና፦ ኧረ ተው ወንድሜ፣ አፕል ራሱ በ2022 አይፖድ የሚባለውን የዘፈን ማጫወቻውን አቆመው እኮ፣ ሰው ሁሉ በስልኩ ስለሚሰማ ነዋ! በዛ ብር ፓወርባንክ ግዛ፣ ስልክህም አይጠፋ ዘፈንህም አይቋረጥ። ሁለት ዕቃ ቻርጅ ስታደርግ ልትኖር ነው?

እህታችሁ ከፒያሳ፦ ለወጣት ይሁን፣ ለትልቅ ሰውስ? አባቴ መንዙማ ይወዳል፣ ግን ስልክ ስሰጠው ጣቱ እየነካበት ሳያውቅ ሰው ጋ ይደውላል። ቁልፍ ያለው ገዛሁለትና ወላሂ ደስታዬ አንድ ቀን አልቆየም፣ በአማርኛ የጻፍኩት የፋይል ስም ስክሪኑ ላይ ሁሉም ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ መጣ። በእንግሊዝኛ ፊደል እንዳልጽፈው አባቴ እሱን አያነብም። መጨረሻ ላይ ፋይሎቹን 01፣ 02 እያልኩ ቁጥር ሰጥቼ የየትኛው ቁጥር የቱ እንደሆነ በወረቀት ጽፌለት ወረቀቷን መነጽር ማስቀመጫው ውስጥ ይዟት ይዞራል። እና ስትገዙ በአማርኛ ስም የተጻፈ ፋይል ያለበት ሚሞሪ ይዛችሁ ሂዱና እዛው ሱቁ ላይ ክፈቱት፣ መልኩን አትዩ።

ዘፈን ጫኝ፦ እህቴ እውነቷን ነው፣ እኔ ሚሞሪ ስጭን ነው የምውለው። ሌላም ልጨምር። ርካሾቹ ብዙዎቹ ከ32 ጊጋ በላይ ሚሞሪ አያነቡም፣ ደግሞም አያስፈልግም፣ በ128 ኪሎቢት ጥራት የተጫነ ዘፈን በደቂቃ 1 ሜጋ ገደማ ስለሆነ 32 ጊጋ ከ500 ሰዓት በላይ ይይዛል። 64 ጊጋ ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው አንዳንዱ ውስጡ 8 ጊጋ ብቻ ነው፣ ሲሞላ የፊተኛው ዘፈን ይበላሻል። ሰው ደግሞ መጥቶ የ128ቱን ወደ 320 ቀይርልኝ፣ ድምፁ ይጥራ ይለኛል፣ ፋይሉ ይገዝፋል እንጂ መጀመሪያ ሲታመቅ የተቆረጠው ድምፅ ከየት ይመጣል? ብር ካላችሁ ጥሩ ኢርፎን ላይ አውጡት፣ ልዩነቱን ጆሯችሁ ይሰማዋል።

ቦርከና፦ ለአባቷ እሺ፣ ተረታሁ። ለአንተ ግን አሁንም ፓወርባንክ ነው የምልህ።

የሆጤ ልጅ፦ ፓወርባንክ በሽቦ ከስልክ ጋር አስሬ በታክሲ ግፊያ? አይሆንም ወንድሜ። ቅዳሜ አምባሰል ብዬ የሰየምኩትን ፋይል ይዤ ሱቅ ለሱቅ እዞራለሁ፣ ፊደሉን በትክክል ያሳየኝን እገዛለሁ።