63 ዓመቴ ነው፣ ከቤት መስራት ቀርቶ ቢሮ ተመለሱ ተባልን፣ ጡረታ ልውጣ ወይስ ልታገስ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ሰላም ወገኖች እንዴት ከረማችሁ። ግራ ቢገባኝ ነው የምጽፈው። 63 ዓመት ከ7 ወር ሆኖኛል፣ ሜሪላንድ ነኝ፣ ስራዬ የሆስፒታል ቢሊንግ ነው፣ የታካሚ ሂሳብ መስራት፣ ከ2020 ጀምሮ ከቤት ነው የምሰራው። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስክሪን ደቅኜ፣ እግሬን በርጩማ ላይ ሰቅዬ፣ ጀበናዬ ከጎኔ፣ እንደዛ እየሆነ ነው እስከዛሬ የቆየሁት እንጂ ጉልበቴማ 60 ስሞላ ነበር በቃኝ ያለው። አሁን ከጃንዋሪ ጀምሮ በሳምንት 3 ቀን ቢሮ ትመጣላችሁ የሚል ኢሜይል መጣ። ቢሮው ቨርጂኒያ ነው፣ ቤልትዌይን፣ ዋሽንግተንን የሚዞረውን አውራ ጎዳና፣ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ጠዋት 75 ደቂቃ፣ ማታውን እግዜር ይወቀው። ልጆቼ ማሚ በቃ ውጪ ይላሉ። ባለቤቴ 67 ነው ሜዲኬር፣ የመንግስቱ የአዛውንት ጤና ኢንሹራንስ፣ አለው፣ እኔ ግን ኢንሹራንሴ በስራዬ ነው። እዚህ ሀገር መስራት የጀመርኩት በ1999 ነው። ሶሻል ሴኩሪቲዬን፣ የመንግስቱን ጡረታ፣ አሁን ልጀምር? ያለፈበት ሰው ቢነግረኝ።

ጋሽ ፓርኪንግ፦
እህቴ የኔን ስሚ። ነገን ማን ያውቃል ብዬ በ62 ወሰድኩ፣ ጥሩ። ከዛ ቤት መቀመጡ ሲሰለቸኝ ፓርኪንግ ቤት ተመልሼ ገባሁና ደህና ደህና ሰዓት ሰራሁ፣ በዓመቱ ደብዳቤ መጣ፣ ከገደብ በላይ ስለሰራህ ይሄን ያህል ወር ቼክ አይላክልህም የሚል። ሙሉ የጡረታ እድሜ ሳይደርስ ወስዶ ለሚሰራ ሰው ገደብ አለው፣ በ2025 23,400 ዶላር ነበር፣ ከዛ በላይ ባገኘሽው በየ2 ዶላሩ 1 ይይዙብሻል። የያዙትን ሙሉ እድሜሽ ሲደርስ እያሰቡ ይጨምሩልሻል፣ እሱ እውነት ነው፣ ግን በዛን ሰዓት የቤት ኪራዩን ማን ይከፍልልኛል። እና ስራ ላይ እያለሽ እንዳትነኪው።

ታክስ ሰሪዋ፦
እትዬ፣ ሁለት ነገር አንድ ላይ እየጠየቁ ነው። ስራ ማቆም ሌላ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ መጀመር ሌላ፣ አንዱን ሳይነኩ ሌላውን ማድረግ ይችላሉ። የ1962 ልደት ከሆኑ ሙሉ የጡረታ እድሜዎ 67 ነው። 64 ላይ ቢጀምሩ 20 በመቶ ይቀነሳል፣ 65 ላይ ወደ 13 በመቶ፣ እሱም እስከ መጨረሻው ነው፣ 67 ሲሞላ አይመለስም። ከ67 በኋላ ቢያቆዩት ደግሞ እስከ 70 ድረስ በዓመት 8 በመቶ ይጨምራል።

ግን እኛ ሀበሾች የምንረሳው ነገር አለ። ሂሳቡ የሚሰራው ብዙ ባገኙባቸው 35 ዓመታት ነው። እርስዎ ከ1999 ጀምሮ ቢበዛ 27 ዓመት ነው ያለዎት፣ የቀረው 8 ዓመት ዜሮ ሆኖ ነው የሚገባው። እዚሁ ተወልዶ በ20 ዓመቱ ስራ የጀመረ ሰው አንድ ዓመት ቢጨምር ብዙም ለውጥ የለውም፣ እርስዎ ግን አንድ ዓመት በሰሩ ቁጥር አንድ ዜሮ ነው የሚያጠፉት፣ ፓርት ታይም እንኳን ቢሰሩ። ማይ ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው ድረ ገጽ ገብተው ስቴትመንትዎን ይዩት፣ በየዓመቱ የገባው ደሞዝ ተዘርዝሯል።

ኤችአር ውስጥ ያለሁ፦
እማማ እባክዎ ተናደው ሪዛይን እንዳይጽፉ!! መጀመሪያ አኮሞዴሽን፣ ማለት ለጤናዎ ሲባል ስራው እንዲመቻችልዎ፣ ይጠይቁ፣ በአካል ጉዳተኞች ህግ፣ በኤዲኤ። አርጅቻለሁ ማለት አያስኬድም፣ ጉልበቱ ግን ያስኬዳል። የዶክተሩ ወረቀት ላይ ጉልበቷን ያማታል ብቻ ከሆነ ዋጋ የለውም፣ በየቀኑ አያለሁ እንዲህ ያለ ወረቀት። ስንት ደቂቃ ሳይነሱ መቀመጥ እንደሚችሉ፣ ደረጃ፣ መንዳት፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ እሱን ይጻፍልዎት። አምስት ዓመት ሙሉ ይሄንኑ ስራ ከቤት መስራትዎም ይጠቅማል፣ ስራው ከቤት አይሰራም ለማለት ይከብዳቸዋል። የጠየቁትን እንዳለ ላይሰጡ ይችላሉ፣ በሳምንት አንድ ቀን ሊሉዎት ይችላሉ፣ ያም ቢሆን ከ3 ይሻላል። ጃንዋሪ ሳይደርስ በኢሜይል፣ በስልክ አይሁን።

የዳላስ ልጅ፦
ላፕቶፑን ይዞ አዲስ አበባ ገብቶ ከዛ መስራትስ? ሰው ሁሉ እያደረገው አይደል እንዴ

ኤችአር ውስጥ ያለሁ፦
ወንድሜ የታካሚ መረጃ ነው የሚከፍቱት፣ ሳይፈቀድላቸው ከውጭ ሀገር ቢገቡ ያው መባረር ነው። አትምከራቸው።

ነርሷ፦
ኢንሹራንሱን ማንም አላነሳውም። ሜዲኬር 65 ነው፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ስለጀመሩ ቀድሞ አይመጣም። ካምፓኒው 20 ሰውና ከዛ በላይ ካለው ሲወጡ ኮብራ በሚባለው ህግ እስከ 18 ወር በዛው ኢንሹራንስ መቆየት ይችላሉ፣ ማለት ከ63 ተኩል በኋላ ከወጡ 65 ድረስ ያደርስዎታል፣ እርስዎ አልፈውታል። ግን ካምፓኒው ይከፍል የነበረውንም እርስዎ ነዎት የሚከፍሉት፣ ስንት እንደሚሆን አስቀድመው ይጠይቁ፣ ያስደነግጣል። ከማርኬትፕሌሱም፣ ሰው ለራሱ ኢንሹራንስ ከሚገዛበት የመንግስት ገበያ፣ ጋር ያወዳድሩ። ደግሞ 65 ሲሞላ ኮብራ አለኝ ብለው ሜዲኬር ፓርት ቢን፣ የሀኪም ወጪ የሚሸፍነውን ክፍል፣ እንዳያሳልፉ፣ ኮብራ እንደ ስራ ኢንሹራንስ አይቆጠርም፣ በዘገዩበት በየ12 ወሩ 10 በመቶ ቅጣት እድሜ ልክ ይከፍላሉ። እናቴ ላይ ደርሷል፣ እስካሁን እየከፈለች ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሐሙስ ዶክተሬ ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ኤችአር ያለሽውን ጽፌ ነው የምሄደው። እምቢ ካሉኝ እስከ ማርች ተንጠልጥዬ 64 ልሙላና ከዛ ኮብራ፣ ሶሻል ሴኩሪቲውን ግን አልነካም፣ ባለቤቴም ተስማማ። ታክስ ሰሪዋ ያልሽውን ስቴትመንት ትናንት ማታ ልጄ ከፈተልኝ፣ 2004 ላይ ዜሮ ይላል! በዛ ዓመት እኮ ቀን ሆቴል ማታ ነርሲንግ ሆም ሁለት ስራ ነበር የምሰራው፣ ምን ማለት ነው?

ታክስ ሰሪዋ፦
አልተመዘገበልዎትም ማለት ነው እትዬ። የዛን ዓመት ዳብሊው ቱ፣ አሰሪ የሚሰጠው የዓመት ደሞዝ ወረቀት፣ አለዎት? ካለ ይዘው ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ይሂዱ፣ እንዲስተካከል ይጠየቃል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ምድር ቤት አንድ ሻንጣ ወረቀት አለኝ፣ ባለቤቴ ጣይው ሲለኝ የኖረው። እሱኑ ወርዶ እንዲያመጣልኝ ልኬዋለሁ፣ እኔ ደረጃውን አልችልም።