የፈሳሽ ሳሙና አምራቾች የጋራ ሐሳብ፦ ማቆያውን እንጨምር ወይስ በርሜሉን እንጠብ?

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ ሳሙናችን በባክቴሪያ እንዳይበላሽ ስለምንጨምረው ማቆያ፣ ማለትም ስለ ፎርማሊን፣ በረቂቁ ላይ ያለው ሐሳብ «የፎርማሊን መጠን በእጥፍ ይጨመር» የሚል ነው። ለጠቅላላ ጉባኤ ከመቅረቡ በፊት አስተያየታችሁን ጻፉልን።

አባል ከአዘዞ፦ እኔ አጥብቄ እቃወማለሁ። ፎርማሊን ካንሰር አምጪ መሆኑ የታወቀ ነው፤ በዝግ ክፍል ውስጥ ሲያማስሉ የሚውሉት ልጆቻችን ናቸው የሚተነፍሱት። ደግሞም የብልሽቱ መድኃኒት አይደለም። ባዶ የተባለውን በርሜል ውስጡን በጣታችሁ ዳስሱት፤ ዝልግልግ ያለ ነገር ታገኛላችሁ። ያ የባክቴሪያ ሰፈር ነው። ዝልግልጉ ስለሚሸፍናቸው ማቆያው እስከ ውስጥ አይዘልቅም። አዲሱን ሳሙና በላዩ ስንገለብጥ ከማቆያው የሚደርሳቸው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ ደካሞቹ ይሞታሉ፣ የቻሉት ይባዛሉ። እንደ ሱዶሞናስ ያሉት ባክቴሪያዎች ወደ ሴላቸው የገባውን ኬሚካል መልሰው የሚተፉበት ፓምፕ አላቸው። ፎርማሊን ውስጥ ያለውን ኬሚካል፣ ፎርማልዲሃይድን፣ በኤንዛይም ሰባብረው ከጉዳት የሚያመልጡም አሉ። እነዚህ ናቸው ወደሚቀጥለው ምርት የሚተላለፉት። መጠኑን ብናሳድግ በተጠራቀመው ዝልግልግ ላይ ያው ታሪክ ይደገማል።

አባል ከማራኪ፦ እውነት ነው። ፎርማሊንን ሸሽተው ሶዲየም ቤንዞየት የተባለውን ሌላ ማቆያ ለሚጠቀሙም በረቂቁ አንድ ነገር ይጨመር። ቤንዞየት በደንብ የሚሠራው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ5 በታች ሲሆን ነው። የእኛ ሳሙና 7 እና ከዚያ በላይ ነው፤ ገንዘባችንን ውሃ በላው ማለት ነው። የፒኤች ወረቀት ርካሽ ነው፣ ሁላችንም እንግዛ።

አባል ከአራዳ፦ ውሃውስ? የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ ከሮቶ እንቀዳለን። ሮቶው መቼ እንደታጠበ የሚያውቅ የለም። ውሃው በክሎሪን ይታከም የሚል ይግባ።

አባል ከአዘዞ፦ ይግባ። በርሜል ሳይታጠብና ሳይደርቅ አዲስ ምርት አይጨመርበት የሚለው ግን አንደኛ ይሁን።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ተቀብያለሁ። «በእጥፍ ይጨመር» የሚለው ተሰርዟል። ረቂቁ አሁን እንዲህ ይላል፦ «በርሜል፣ ቱቦና ማማሰያ በየምርቱ መካከል ታጥበው ይደርቃሉ፤ የሮቶ ውሃ ይታከማል፤ ማቆያ በማቆያው አምራች በተጻፈው መጠን ተመዝኖ ይጨመራል፤ ፒኤች ይለካል። ማኅበሩ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ጋር ተነጋግሮ ማቆያው መሥራቱን ለማየት በናሙናዎች ላይ ባክቴሪያ ሆን ተብሎ ተጨምሮ በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ28ኛው ቀን የሚቆጠርበትን ፍተሻ ያስጠይቃል።»

አባል ከማራኪ፦ የፍተሻው ወጪ በአባላት መዋጮ ይሸፈን፤ ለአንድ አምራች ይከብዳል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ተጨምሯል። ተቃውሞ ያለው እስከ ዓርብ ይጻፍ።